የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ዕጢ ማውጫ መሣሪያዎችና የአስመጪው ኀላፊነት

ጨርቃ ጨርቅ፣ ቆርቆሮ ወይም የመኪና ጎማ የሚያስመጣ ነጋዴ ዕቃው ቢዘገይበት የሚጐዳው ትርፉ ነው። የሕክምና መሣሪያ የሚያስመጣ ነጋዴ ግን ከዕቃው አንዲት ክፍል ብትጐድልበት ጉዳቱ ከሒሳብ መዝገቡ አልፎ በቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ላይ ለተኛው ሰው ይደርሳል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የአንጎልንና የኅብለ ሰረሰርን ዕጢ ለማውጣት የሚያገለግሉትን መሣሪያዎች ጠባይ ለክቡራን አንባቢዎቻችን በአጭሩ ለመግለጥ እንወዳለን። የታሪኩ ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በሌላው የሰውነት ክፍል የበቀለውን ዕጢ የሚያወጣ ሐኪም በዙሪያው ካለው ጤነኛ ሥጋ ጥቂት ጨምሮ ቢቈርጥ ብዙ ጊዜ በሽተኛውን አይጐዳም። በአንጎል ግን የጣት ጫፍ የምታህል ስፍራ የንግግር ወይም የእጅ እንቅስቃሴ ማዘዣ ልትሆን ትችላለች። ኅብለ ሰረሰርም ውፍረቱ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ ሲሆን፥ ከአንጎል ወደ እጅና ወደ እግር የሚወርደው ትእዛዝ ሁሉ የሚያልፈው በእርሱ ውስጥ ነው። እንግዲህ የመሣሪያዎቹ ሁሉ ዓላማ ሦስት ነው፤ ይኸውም ዕጢውን ማውጣት፣ ጤነኛውን መተውና ደሙን ማቆም ነው።

ደምን በማቆም ረገድ ትልቁ እርምጃ የተወሰደው በ1926 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ነው። ስመ ጥሩው ሐኪም ሐርቪ ኩሺንግ ከጥቂት ቀናት በፊት ደም ስለ በዛበት አቋርጦት የነበረውን የዕጢ ማውጣት ሥራ፥ ዊልያም ቦቪ የተባለው ሊቅ በሠራው የኤሌክትሪክ መሣሪያ እየታገዘ ጥቅምት 1 ቀን ሊፈጽመው ቻለ። ከዚያም በኋላ የኤሌክትሪኩ ኀይል በሁለት ጫፎች መካከል ብቻ እንዲያልፍ የሚያደርገው ወረንጦ ተሠራ። ይህም ባይፖላር የሚባለው ሲሆን፥ ሙቀቱ ወደ ጐረቤት ነርቭ እንዳይዛመት ስለሚረዳ ዛሬ የአንጎል ሐኪም ከእጁ የማይለየው መሣሪያ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ዓይንን ይመለከታል። በ1957 ዓ.ም. ቴዎዶር ኩርዝ በሎስ አንጀለስ የቀዶ ጥገናን ማይክሮስኮፕ ለዚህ ሥራ ተጠቀመበት፤ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በትውልዱ ቱርካዊ የሆነው ጋዚ ያሳርጊል በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ አሠራሩን አስፋፍቶ ለብዙ ደቀ መዛሙርት አስተማረ።

ሦስተኛው የድምፅ ሞገድ መምጠጫ ነው። ታሪኩ ለነጋዴ ትምህርት አለው። በኒው ዮርክ የነበረው የዓይን ሐኪም ቻርልስ ኬልማን የጥርስ ሐኪም ጥርስ የሚያጸዳበትን ተርገብጋቢ መሣሪያ አይቶ፥ በ1967 ዓ.ም. የዓይንን ሞራ ለማውጣት አዋለው። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ የአንጎል ሐኪሞች ስለዚሁ ዓይነት መሣሪያ የመጀመሪያ ልምዳቸውን ጻፉ። ባዶ የሆነው የብረት ጫፍ በሰከንድ 23,000 ወይም 36,000 ጊዜ ያህል እየተርገበገበ ዕጢውን ይሰባብራል፤ ውሃ ያርሰዋል፤ መምጠጫውም ወዲያው ይስበዋል። ውሃ የበዛበት ለስላሳ ዕጢ ቶሎ ሲፈርስ፥ ጠንካራው የደም ሥር ግድግዳ የተሻለ ይቋቋማል። ዕጢውን መጐተት ስለማያስፈልግም በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ለበቀለው ዕጢ እጅግ ጠቅሟል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ጤነኛውን ከታመመው ለይቶ አያውቅም፤ የሚለየው የሐኪሙ እጅ ነው።

ለዚህ መለያ የሚሆነው አራተኛው ነገር ብርሃን ነው። በሽተኛው ከቀዶ ጥገናው በፊት አሚኖሌቩሊኒክ አሲድ የሚባለውን መድኃኒት ይጠጣል፤ ከዚያም በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ ክፉው የአንጎል ዕጢ ቀይ ሆኖ ያበራል። በ2006 ዓ.ም. በጀርመን አገር የወጣው ጥናት እንዳስረዳው፥ ዕጢው በምስል የሚታየው ሁሉ የወጣላቸው በሽተኞች በተለመደው ብርሃን ከመቶ 36 ሲሆኑ በዚህ ዘዴ 65 ነበሩ። የአሜሪካ መንግሥት መድኃኒቱን በ2017 ዓ.ም. ፈቅዷል።

አሁን ወደ ንግዱ እንመለስ። በአገራችን የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን የማሠልጠን ሥራ በ2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ተጀምሯል። ስለዚህ መሣሪያውን የሚይዝ የሠለጠነ እጅ አለ። እጁ ባዶ እንዳይቀር መጠንቀቅ ግን የአስመጪው ድርሻ ነው።

በጽሕፈት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች እንደምናየው፥ በፕሮፎርማው የፊት ገጽ ላይ የሚጻፈው የዋናው ማሽን ዋጋ ነው፤ ጫፉ፣ ቱቦውና ማጣሪያው በመጨረሻው ገጽ «በተጨማሪ የሚገዛ» ተብለው ይቀመጣሉ። ነገር ግን ጫፍ የሌለው የሞገድ መምጠጫ ጥይት እንደሌለው ጠመንጃ ነው። የሚያበራውም መድኃኒት ሰማያዊ ብርሃንና ማጣሪያ ያለው ማይክሮስኮፕ ከሌለ ምንም አይጠቅምም። ደግሞም እርሱ መድኃኒት እንጂ መሣሪያ አይደለምና ፈቃዱ በመድኃኒት ረገድ መታየት አለበት። ሁለቱንም የሚቈጣጠረው በአዋጅ ቍጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለ ሆነ፥ የባንክ ሰነድ ከመከፈቱ በፊት ጉዳዩን እዚያ መጨረስ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪኩም ነገር አይዘነጋ፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ሳይክል ሲሆን የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ሳይክል ነው።

ስለዚህ አስመጪው ከማዘዙ በፊት ሐኪሙንና የሆስፒታሉን ቴክኒሽያን ይጠይቅ። በዓመት ስንት ጫፍ እንደሚያልቅ፣ ጫፉ ታጥቦ ዳግመኛ የሚሠራበት ወይም አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል እንደ ሆነ፣ ማሽኑ ቢበላሽ ማን እንደሚጠግነው በጽሑፍ ይያዝ። ዋጋው ረክሶ መለዋወጫው የማይገኝ ማሽን ከገዙት ውድ ዕቃ ነው። የውጭ ምንዛሪ በብዙ ድካም የሚገኝ ሀብት ስለ ሆነ፥ በሆስፒታል ጓዳ ሸራ ለብሶ ለሚቀመጥ ማሽን መዋል አይገባውም። መሣሪያውን ከነሙሉ ዕቃው አምጥቶ በሥራ ላይ የሚያቆይ ነጋዴ ግን ደንበኛውን ያጸናል፤ ለወገኑም ሕይወት ይተርፋል።