ባለ ጎማው ቤት ቡቲዬ ሲያድር

አመሻሹ ላይ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ቡቲዬ ዳር ይቆማል። ቡቲዬ በኬንያ ሞያሌ፣ ከድንበሩ ማዶ ያለ ሰፈር ነው፤ ቦረናው፣ ገብራው፣ ገሪው፣ ቡርጂውና ሶማሌው ተቀላቅሎ በሚኖርበት፣ ብርም ሽልንግም በሚሠራበት አገር። የጭነት መኪና እዚህ ብርቅ አይደለም። ይህኛው ግን የጭነት ሳጥኑ ላይ መስኮት አለው፣ መስኮቱም መጋረጃ። ከኋላ መሰላል ይዘረጋል፤ አራት ጓደኛሞች አንድ በአንድ ይወርዳሉ፤ አራት ተጣጣፊ ወንበር መሬት ላይ ይቆማል። ከመኪናው ሆድ ምድጃ ወጥቶ ሽንኩርት መከተፍ ሲጀመር የሰፈሩ ልጆች ዙሪያውን ከበው ይቆማሉ። ነገሩ ይገባቸዋል። መኪና ሳይሆን ቤት ነው የመጣው።

በአማርኛ እስካሁን የረጋ ስም አላወጣንለትም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን እንደ አገሬው አርቪ ይሉታል፤ ከአውሮፓ የሚመጡት ካምፐር። እኔ እዚህ ላይ ቤት-መኪና ብለውስ። ብዙ ሰው ቤት-መኪና ሲባል የሚታየው መንዳቱ ነው፤ መስኮት ከፍቶ፣ ሙዚቃ ለቆ መብረር። በውስጡ ያለው ዕቃ ሁሉ ግን የተሠራው ለመቆም ነው። ሲነዳማ ከማንኛውም አይሱዙ የሚሻልበት ነገር የለም፤ እንዲያውም ይብሳል። ሳህኑ ይንኳኳል፣ መሳቢያው በየጉድጓዱ እየተከፈተ ማንኪያ ይተፋል።

ከጋቢናው በስተጀርባ ያለው ክፍል ከአንድ መለስተኛ መኝታ ቤት አይበልጥም። ቀን ጠረጴዛ ሆኖ የዋለው ማታ ዝቅ ይልና አልጋ ይሆናል፤ መቀመጫው ሲከፈት ሣጥን ነው፣ ሣጥኑ ውስጥ ሽንብራው፣ ገመዱ፣ ክሪኩ፣ የክረምት ሹራቡ ሁሉ አብሮ ተኝቷል። መተላለፊያው አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል። ስለዚህ አንዱ ለመነሣት ሲያስብ ሦስቱ መቀመጥ አለባቸው። አብሮ አደግ ጓደኛሞች እንኳ በሦስተኛው ቀን ላይ የሚጨቃጨቁት በዚህች መተላለፊያ ነው፤ ስለ መንገዱ መስሏቸው ይጀምሩታል እንጂ።

የመብራቱ ሥርዓት ጥበብ አለው። ባትሪው ሁለት ነው፤ አንዱ የሞተሩ፣ ሌላው የቤቱ። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ሁለቱንም ይሞላል፤ ሞተሩ ሲጠፋ በመካከላቸው ያለው ማገናኛ ይቆርጣቸዋል። ባይለያዩ ኖሮ ሌሊቱን ፍሪጁና አምፖሉ ሲጠጡት ያደረው ባትሪ ጠዋት ሞተሪኖውን ማዞር ያቅተው ነበር። ሲለያዩ ግን ቢከፋ ቢከፋ መጠጡ ይሞቃል እንጂ መንገደኛው አይቀርም። ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ተዘርግቷል። ሰሜን አውሮፓ ላይ ይህን ሰሌዳ ወደ ደቡብ ማዘንበል ይጠይቃል፤ ሞያሌ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ሦስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስላለች ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣለች፤ ጠፍጣፋው ይበቃል።

ጋዝ ሌላ ጣጣ አለው። የየአገሩ ሲሊንደር አፉ ስለሚለያይ ከአውሮፓ የመጣው የኬንያውን አይገጥምም። ልምድ ያለው መንገደኛ አይታገልም፤ ኬንያ ሲገባ ምድጃው ራሱ አናቱ ላይ የሚገጠም ባለ 6 ኪሎ ሲሊንደር ይገዛል። ኬንያውያን ሜኮ ይሉታል። ብዙ ባለ አንድ ክፍል ተከራይ የሚያበስለው በእሱ ነው፤ ስለዚህ በየሱቁ ይገኛል።

ከሁሉም የከበደው ውሃ ነው። 100 ሊትር የሚይዝ ጋን ብዙ ይመስላል። ለአራት ሰው ለአምስት ቀን ሲካፈል ለአንዱ በቀን 5 ሊትር ይደርሰዋል፤ ለመጠጡም፣ ለወጡም፣ ለፊቱም፣ ለሳህኑም። ስለዚህ ቤት-መኪና ውስጥ ቧንቧ ከፍቶ ጥርስ መፋቅ ነውር ነው። ሞያሌ ደግሞ ውሃ በጄሪካን የሚለካባት ከተማ ናት፤ የቡቲዬ እናት የ5 ሊትሩን ሒሳብ ማንም ሳያስረዳት ታውቀዋለች። ለፈረንጁ ጀብዱ የሆነው እዚያ ሰፈር የዘወትር ኑሮ ነው፤ ይህን እያዩ አለመሳቅ ይከብዳል። ስለ መጸዳጃው ብዙ አልልም፤ ሻንጣ የሚመስል ማጠራቀሚያ አለው፣ ተራው የደረሰው ሰው ተሸክሞ ሄዶ ይደፋዋል።

ተራ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በጋራ ሲጓዙ ትልቁ መሣሪያ የተራ ወረቀቱ ነው፤ ማን ያበስላል፣ ማን ያጥባል፣ ማን ይነዳል። እስከ ሃያ ምናምን ሰው ጭነው አፍሪካን የሚያቋርጡት ትልልቅ የጉዞ መኪኖች ዘንድ ይህ ወግ ሆኗል። ሳህን በጨርቅ አይወለወልም፤ ጨርቁ በሽታ ያዛምታል ተብሎ ሁሉም ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ እስኪደርቅ በአየር ላይ ያራግባል። ከሩቅ ላየው እስክስታ ይመስላል። ገንዘቡም መዋጮ ነው። ከአንድ ቦርሳ ሥጋ ይገዛል፣ ናፍጣ ይሞላል፣ ጎሚስታ ይከፈላል፤ ቦርሳውን የሚይዘው ሰው ከሾፌሩ ይበልጥ ይፈራል።

መኪናው ለምን አሮጌ ሆነ? ቅንጦት ጠልቶ አይደለም። የአዲሱ ናፍጣ ሞተር የጭስ ማጣሪያ ድኝ የበዛበት ነዳጅ ሲጠጣ ይታመማል፤ ኬንያ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ከጎረቤቶቿ ጋር የናፍጣዋን ድኝ ከሚሊዮን 50 እጅ ላይ ብትገድበውም የካይሮ–ኬፕታውን መንገደኛ የሚያልፈው በኬንያ ብቻ አይደለም። የድሮው ሞተር የቀረበለትን ይጠጣል። ባሌስትራው ቢሰበር ደግሞ ያቤሎም ማርሳቢትም የሚበይደው አይጠፋም፤ ኮምፒውተር የሚያነብ መካኒክ አያስፈልገውም።

ድንበሩን መሻገር በራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የመረቁት የአንድ መስኮት ድንበር ጣቢያ የሁለቱን አገር ሠራተኞች አንድ ላይ አስቀምጧል። ኢትዮጵያዊና ኬንያዊ ያለ ቪዛ ይሻገራሉ፤ የውጭ አገር ሰሌዳ ያለው ቤት-መኪና ግን የራሱ ፓስፖርት አለው። ካርኔ ይባላል። እያንዳንዱ ገጽ ሦስት ቦታ ይቆረጣል፤ ሲገባ አንዱ፣ ሲወጣ ሌላው ለጉምሩክ ይቀራል፣ ጉርዱ ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። የመውጫው ማኅተም ከተረሳ መኪናው በወረቀት ላይ ገና እዚያው አገር ነው፤ ባለቤቱ ያስያዘው ገንዘብም አብሮ።

ከዚያ አቅጣጫው ይገለበጣል። ኢትዮጵያ በቀኝ፣ ኬንያ በግራ ትነዳለች። መሪው በግራ የሆነ መኪና ኬንያ ሲገባ ሾፌሩ የመንገዱ ዳር ላይ ይቀመጣል፤ ከፊቱ ያለውን ተሳቢ ለመቅደም ሲያስብ ማዶውን አያይም። የሚያየው ከጎኑ ያለው ጓደኛ ነው። «ቆይ... ቆይ... መኪና አለ... አሁን እለፍ!» ትናንት ስለ መተላለፊያዋ የተኳረፉ ሁለት ሰዎች ዛሬ አንዱ የሌላውን ሕይወት በምላሱ ይዞ ይጓዛል።

ሰዓቱ ግን የሚገርም ነው። እንግዳው ድንበሩን ሲሻገር የኢትዮጵያን አቆጣጠር የተገላገለ ይመስለዋል። ግን ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ከንጋት ነው፤ «ሳ ምቢሊ አሱቡሂ» ማለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለት ነው፣ የፈረንጁ ስምንት። አማርኛ ተናጋሪውና ስዋሂሊ ተናጋሪው ሳይተረጎምላቸው ይግባባሉ፤ ቀጠሮ የሚያመልጠው ያው የቤት-መኪናው ጌታ ነው።

ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ሌላ 500። ይህ ሁለተኛው ክፍል ድሮ ስሙ ያስፈራ ነበር። አስፋልት ሳይኖረው በፊት ሰው የሚጓዘው በከብት መኪና ነበር፤ ከብቱ ከታች፣ ተሳፋሪው ከላይ ብረቱን ታቅፎ፣ መኪኖቹም በታጣቂ ታጅበው በሰልፍ። ድንጋዩ ጎማ ይበላል፤ ሞያሌ ተነሥቶ ማርሳቢት ለመድረስ ማደር ግድ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ገደማ አስፋልቱ ተያያዘ። አሁን ጠዋት ቡቲዬን የለቀቀ ከምሳ በፊት ማርሳቢት ይደርሳል። ለነጋዴው ይህ በረከት ነው። ለቤት-መኪናው ግን አንድ ማደሪያ ተሰርዞበታል፤ ሶሎሎና ቱርቢ በመስኮት የሚታዩ ስሞች ሆነው ቀሩ። ማርሳቢት ተራራ ጫካ ውስጥ ያለው ፓራዳይዝ ሐይቅ ዳር አሜሪካውያኑ ባልና ሚስት ማርቲንና ኦሳ ጆንሰን እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1927 ዝሆን ሲቀርጹ ኖረዋል፤ እዚያ የሚያድር ሁሉ ባያውቀውም የእነሱ እንግዳ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ቡቲዬ ቤት ተጭኖ ሲመጣ ሲያይ የመጀመሪያው አይደለም። ገብራ ቤቱን በግመል ጭኖ የሚሄድ ሕዝብ ነው። ምሰሶው የጎበጠ እንጨት ነው፤ ልባሱ ከቃጫ የተሠራ ምንጣፍና ቆዳ። ቤቱ የሴቲቱ ነው፤ የምታፈርሰውም የምትተክለውም እሷ ናት፣ ልጇን ስትድርም ከራሷ ቤት ዕቃ ተከፍሎ የልጅቱ ቤት ይቆማል። ከሁሉ የማደንቀው አንዱን ነው። ሲጓዙ ያ የጎበጠ ምሰሶ ግመሉ ላይ ወደ ላይ ታስሮ ጎጆ መሰል ዙፋን ይሆናል፤ ሕፃናቱና አቅም ያጡት አዛውንት እዚያ ውስጥ በጥላ ይሄዳሉ። ቀን ተሽከርካሪ፣ ማታ ቤት፤ ከአንድ እንጨት። የቤት-መኪናው ተጣጣፊ ጠረጴዛ ከዚህ የተለየ ምን አደረገ? ፎራ ወደሚሉት ሩቅ ግጦሽ ከመንጋ ጋር የሚወርዱት ጎረምሶች ደግሞ ቤት አይዙም፤ በሜዳ ላይ ያድራሉ። እነሱ ጣሪያ ላይ ድንኳን ከሚተክለው መንገደኛም ይቀላሉ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መሰላሉ ይነሣል፣ መሳቢያው በገመድ ይታሰራል፣ ሜኮው ይዘጋል። ጄሪካኖቹ ትናንት ማታ ሞልተዋል። የተራ ወረቀቱን ያየው ሾፌር ሳይናገር ወደ ጋቢናው ይወጣል፤ ዓይን የሚሆነው ጓደኛው ከጎኑ። መኪናው ወደ ማርሳቢት መንገድ ሲታጠፍ አቧራው ላይ አሥራ ስድስት የወንበር እግር ነጥቦች ይታያሉ። ከልጆቹ አንዷ የተጣለላትን ባዶ ሃይላንድ አንሥታ ክዳኑን ትፈልጋለች።