የሊንከን ሰባት ቤት

አብርሃም ሊንከን በ1859 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሕይወት ታሪኩን ባጭሩ እንዲጽፍ ሲጠየቅ፣ ስለ አባቱ ወገን ያሰፈረው ጥቂት መስመር ብቻ ነበር። ስሙን የወረሰው አያቱ ከቨርጂኒያ ተነሥቶ ኬንታኪ ገባ፤ እዚያም በነባሩ ሕዝብ ተዋጊዎች ተገደለ። ከቨርጂኒያ በፊት ቤተሰቡ ፔንሲልቫኒያ ይኖር ነበር። ቆጠራው እዚህ ላይ ይቆማል። በማሳቹሴትስ ያሉት ሊንከኖች ዘመዶቹ ናቸው ወይ የሚለው ጥያቄ ቀድሞም ተነሥቶ ነበር። በ1848 የምክር ቤት አባል ሳለ በማሳቹሴትስ ሂንግሃም ከሚኖር ሰሎሞን ሊንከን ከሚባል ሰው ጋር በዚሁ ጉዳይ ተጻጽፏል። የተገኘው ግን ሞርዴካይ፣ አብርሃም፣ ሰሎሞን የሚሉ ስሞች በሁለቱም ወገን መደጋገማቸው ብቻ ነው።

ጠበቃ ነውና ሞክሼነት ለማስረጃ እንደማይበቃ ያውቃል። ዝምድናው ግን እውነት ነበር። ይህ የተረጋገጠው እሱ ከሞተ በኋላ ሲሆን፣ ያረጋገጡትም የዘር ሐረግ አጥኚዎች ናቸው። ሥራቸው እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ከዚህ ቤተሰብ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በመጀመሪያ፣ ሊንከን የዘሩን ቆጠራ ለምን አጣው? አያቱ በ1786 ሲገደል አባቱ ቶማስ የስምንት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። በጊዜው በነበረው ሕግ ርስቱ ለበኩሩ ልጅ ለሞርዴካይ ሆነ። ቶማስ ባዶ እጁን ቀርቶ በየሰው ቤት እየሠራ አደገ፤ ስሙን መፈረም እንኳ ይከብደው ነበር። ዘር የሚቆጥርለት አባት ያልነበረው ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ቆጠራ ከየት ያመጣል? የቀረው ወረቀት ነው።

የአጥኚው የመጀመሪያ ሕግ ከሚታወቀው ተነሥቶ ወደማይታወቀው፣ ከልጅ ወደ አባት መሄድ ነው። ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ተገልብጠው ይጀምራሉ፤ አንድ ዝነኛ ሰው መርጠው ወደ ራሳቸው ያወርዱታል። በዚህ መንገድ ማንም የንጉሥ ዘር መሆን ይችላል።

ከኬንታኪው አያት ስንጀምር፣ የመሬት ሰነዱ ላይ ስሙ «ሊንክሆርን» ተብሎ ተጽፏል። ጸሐፊው የጻፈው ጆሮው የሰማውን ነው፤ ስለዚህ አንድን ስም በአንድ አጻጻፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን መዝገብ ያልፈዋል። የዚህ አያት አባት ጆን በ1760ዎቹ ማብቂያ ከፔንሲልቫኒያ ወደ ቨርጂኒያ የወረደ ገበሬ ነው። ዋናው ቁልፍ የተገኘው በዚህ ሰው እጅ ነው። ጆን በ1748 በኒው ጀርሲ የሚገኝ መሬት ሲሸጥ፣ ውሉ የሞርዴካይ ሊንከን ልጅና ወራሽ ይለዋል። ሞርዴካይ ደግሞ ከማሳቹሴትስ ወጥቶ ኒው ጀርሲ ላይ ያገባ፣ በኋላም ፔንሲልቫኒያ የሰፈረ ብረት ሠሪ ነው። አባቱም ሞርዴካይ ይባላል (አባትና ልጅ በአንድ ስም መጠራታቸው ለእኛ ግራ ቢሆንም ለእነሱ ወግ ነው)፤ እሱም በ1727 በማሳቹሴትስ ሲሞት ኑዛዜ ትቷል። ሊንከንን ያቆመው ክፍተት በአንድ ደረቅ የመሬት ሽያጭ ውል ተደፈነ።

የሽማግሌው ሞርዴካይ አባት ሳሙኤል ነው፤ ባሕሩን የተሻገረውም እሱ ነው። ከ1620 እስከ 1640 ባለው ጊዜ ወደ ኒው ኢንግላንድ ከፈለሱት ሃያ ሺህ ገደማ እንግሊዛውያን አንዱ ነበር። በ1637 ከኖርፎክ ሲነሣ የአንድ የኖርዊች ሸማኔ አገልጋይ ሆኖ ተመዝግቧል። መዝገቡ ዕድሜውን 18 ይለዋል። እዚያው ኖርፎክ ያለችው የእንግሊዟ ሂንግሃም ደብር የክርስትና መዝገብ ግን ክርስትና የተነሣው በ1622 ነው ስለሚል፣ ገና 15 ገደማ ነበር ማለት ነው። በዚያ ዘመን ዕድሜ በግምት ይነገር ነበርና አጥኚ አንዱን መዝገብ በሌላው ሳያመሳክር አያምንም።

የደብር መዝገብ ራሱ የተወለደው በ1538 ነው፤ የሄንሪ ስምንተኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል በየደብሩ ክርስትና፣ ጋብቻና ቀብር በየሳምንቱ እንዲጻፍ አዘዘ። ድሃም ባለጸጋም አብሮ የተጻፈበት የእንግሊዝ መዝገብ ይህ ነው። አንድ ወጥመድ አለው፦ እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝ ዓመቱ የሚለወጠው ማርች 25 ቀን ነበር። ስለዚህ «ፌብሩዋሪ 1622» ተብሎ የተጻፈው ለዛሬ ቆጣሪ 1623 ነው። በሁለት አቆጣጠር መኖር የለመደው የእኛ አንባቢ በዚህ እንኳ አይሳሳትም።

ሳሙኤል በአሜሪካዋ ሂንግሃም ወንድሙ ቶማስ ዘንድ ሄደ። በዚያች ትንሽ መንደር ግን ቶማስ ሊንከን የሚባሉ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ሸማኔው፣ ወፍጮ ያዡ፣ በርሜል ሠሪውና ገበሬው። መንደርተኛው የለያቸው በሥራቸው ነው፤ አጥኚውም እንደዚያው። የሳሙኤል ወንድም ሸማኔው ነው።

ከሳሙኤል ወደ ላይ ያለውን የገለጠው ደግሞ የቤተሰብ ጠብ ነው። አያቱ ሪቻርድ የስዋንተን ሞርሊ ሰው ሲሆን፣ ደጋግሞ አግብቶ ንብረቱን ለኋለኛይቱ ሚስቱ ልጆች ስለሰጠ የመጀመሪያው ልጁ ኤድዋርድ፣ የሳሙኤል አባት፣ ርስቱን አጣ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ጄ. ሄንሪ ሊ እና ጄ. አር. ሀቺንሰን በ1909 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ሰነድ አወጡት። ተስማምቶ የኖረ ቤተሰብ ይህን ያህል ወረቀት አይተውም።

እንግዲህ ቆጠራው ይኸው፦ ሳሙኤል፣ ሞርዴካይ፣ ሞርዴካይ፣ ጆን፣ አብርሃም፣ ቶማስ፣ አብርሃም። ሳሙኤልን አንድ ካልን ፕሬዝዳንቱ ሰባተኛ ቤት ነው።

የእናቱ የናንሲ ሃንክስ ወገን ወረቀት አልበቃውም። የማን ልጅ ናት በሚል ለአንድ መቶ ዓመት የቆየው ክርክር ሉሲ ሃንክስን ወላጅ አድርጎ የተዘጋው በ2015 ነው፤ ያውም ከእናት ወደ ልጅ ብቻ በሚወርደው የዲኤንኤ ክፍል ተመርምሮ።

የፕሬዝዳንቱ ቀጥተኛ ተወላጅ መሆኑ ያላከራከረው የመጨረሻ ሰው፣ ሮበርት ቶድ ሊንከን ቤክዊዝ፣ በ1985 ልጅ ሳይተካ ሞቷል። ዛሬ «የሊንከን የልጅ ልጅ ነኝ» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ እንግዲህ አይመኑት። በሸማኔው አገልጋይ በሳሙኤል በኩል ዘመድ ነኝ ካለ ግን እውነት ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱን ይጠይቁት።