ከቁራሌው ብረት መካከል፦ ጨረራን መናቅም አጉል መፍራትም ይጎዳል

በባሕር ዳር ሰፈሮች «ቁራሌው!» የሚለው ጥሪ የተለመደ ነው። ያረጀ ብረት፣ የተሰበረ ድስት፣ ከአገልግሎት የወጣ የማሽን አካል ተሰብስቦ ይሸጣል። ብዙ ቤተሰብ ሐላል እንጀራ የሚበላበት ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በሌሎች አገራት እንዲህ ባለው ብረት መካከል የማይታይ፣ የማይሸት፣ ሲነኩትም ወዲያው የማያሳምም አደጋ ተገኝቷል። እርሱም ጨረራ አመንጪ ቁስ ነው።

እነዚህ ቁሶች የተሠሩት ለጥቅም ነው። ኮባልት 60 ካንሰርን ለማከም፣ ኢሪዲየም 192 የቧንቧ ብየዳን ለመፈተሽ፣ ሲዚየም 137 ደግሞ በመንገድ ሥራ የአፈርን ጥግግት ለመለካት ያገለግላሉ። የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር፤ ከጣና ዳር የሚነሱ ሕሙማንም ወደዚያው ይጓዙ ነበር። ቁሱ በእርሳስ ሽፋኑ ውስጥና በባለሙያ እጅ እስካለ ይጠቅማል። ከዚያ ሲወጣ ግን ይገድላል።

እ.ኤ.አ. በ2000 በግብፅ ሚት ሐልፋ መንደር አንድ ገበሬ ትንሽ ብረት አገኘ፤ ውድ ማዕድን መስሎት ቤቱ አስገባው። ከብየዳ ፍተሻ የጠፋ ኢሪዲየም ነበር። የቤተሰቡ ቆዳ ሲቆስል መጀመሪያ ላይ ተራ የቆዳ ሕመም መሰለ። በመጨረሻ ገበሬውና ትንሹ ልጁ ሞቱ። በ1984 በሞሮኮ ሙሐመዲያ አንድ ሰው ተመሳሳይ ቁስ ወደ ቤቱ ወስዶ 8 ሰዎች አልቀዋል።

በ1987 በብራዚል ጎያኒያ ከተማ ደግሞ ከተተወ ክሊኒክ የተወሰደ የሕክምና መሣሪያ ለብረት ነጋዴ ተሸጠ። በውስጡ የነበረው ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ሲያበራ ሰዎች ተደንቀው ለዘመድ አከፋፈሉት፤ 4 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ፍርሃቱ ተከተለ። ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ለምርመራ ተሰለፉ፤ የአንዲት የ6 ዓመት ሕፃን ቀብር ላይም ድንጋይ ተወረወረ። መጀመሪያ አለማወቅ ገደለ፤ ቀጥሎ አለማወቅ ሐዘንተኛን አገለለ።

በእኛም ዘንድ የሚምታታ ነገር አለ። ራጅ የተነሣ ሰው ለሌላው ጨረራ አያስተላልፍም፤ መሣሪያው ሲጠፋ ጨረራውም እንደ አምፖል ብርሃን ይጠፋል። የደረት ራጅ የሚሰጠው መጠን ከ0.1 ሚሊሲቨርት አይበልጥም፤ ከአፈርና ከሰማይ በተፈጥሮ በዓመት የሚደርሰን በአማካይ 2.4 ያህል ነው። ስለዚህ ሐኪም ለሳንባ ምርመራ ያዘዘውን ራጅ በፍርሃት መተው ራስን መጉዳት ነው። ነፍሰ ጡር እህቶች ግን አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ። በአየር ማረፊያ መፈተሻ ያለፈ የሑጃጆች ተምርም ጨረራ አይዝም፤ ይበላል።

በብረት ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞች፣ በቢጫ መደብ ላይ እንደ ማራገቢያ ሦስት ክንፍ ያለው ምልክት ካያችሁ አትንኩ። ምልክቱ ሊለቅ ስለሚችል፣ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ የታሸገ ብረትንም አትክፈቱ፣ አትቁረጡ፣ አታቅልጡ። ራቁ፣ ልጆችን አርቁ፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ጨረራ ወደ ሩብ ይወርዳል። ወዲያው ለፖሊስ አሳውቁ። በአገራችን የጨረራ ቁጥጥር ሕግ ከአዋጅ ቁጥር 79/1986 ጀምሮ አለ፤ ዛሬ ቁጥጥሩን የያዘው የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ነው።

የነካችሁ ከሆነ እጃችሁን ታጠቡ፣ ልብሳችሁን ለዩ። ማቅለሽለሽ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ቁስል ከመጣ ለሐኪሙ «ያልታወቀ ብረት ነክቻለሁ» በሉ። ሐኪም ያልተነገረውን በቀላሉ አይጠረጥርም። ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓ ዓላማዎች አንዱ ነውና ይህን መልእክት ለብረት ነጋዴው ጎረቤታችሁም አድርሱ።