«ፎር ዊል ገብቶ አያውቅም» ካሉዎት ይጠንቀቁ

ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና የእኛን ሰው ልብ የሚያሸፍትበት ምክንያት አለው። በአገራችን ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ላይ ተቀምጦ የምናየው ወይ ባለሥልጣን፣ ወይ የርዳታ ድርጅት ሠራተኛ፣ ወይ የአውራ ጎዳና መሐንዲስ ነበር። አቧራውን የምንጠጣው እኛ ነበርን። ታዲያ በሰው አገር ሌት ተቀን ሠርቶ ጥቂት ጥሪት የቋጠረ ስደተኛ ዐይኑ ኮሮላዋን አልፎ ከፍ ብሎ ወደ ቆመው ቢሄድ አይፈረድበትም። ክፋቱ ሻጩም ይህንን ልባችንን ማወቁ ነው።

እርግጥ ነገሩ የክብር ብቻ አይደለም። በክረምት ወደ ታሆ የሚወስደውን 80 ቁጥር አውራ ጎዳና በረዶ ሲይዘው መኪናው ሁሉ ቆሞ ሰንሰለት ያጠልቃል፤ «አር 2» የሚሉት ደረጃ ሲታወጅ ግን አራቱም እግሩ የሚጎትትና በአራቱም ላይ የበረዶ ጎማ ያሰረ መኪና ሰንሰለቱን ጭኖ ብቻ ያልፋል። በቅርባችንም ከሬድውድ ሲቲ በውድሳይድ መንገድ ሽቅብ ወጥተው ስካይላይንን ሲሻገሩ፣ ወደ ላ ሆንዳ በኩል ባለው ጫካ አስፋልት ያልነካው የግቢ መንገድ ሞልቷል።

ባለፈው ክረምት በዚያ አካባቢ አዛውንት የሚጦር አንድ ወጣት ወገናችን ወደ እኔ መጣ። ዕድሜዬን በጋራዥ ስለጨረስሁ «መኪና ይዩልኝ» የሚል ጥሪ አይቀርልኝም። የአዛውንቱ ቤት የሚያደርሰው የመጨረሻው ዳገት ጭቃ ነው። ትንሿ መኪናው ሁለት ጊዜ ተቀብራ ሥራ አርፍዷል፤ ሦስተኛ ቢደግመው ሌላ ሰው እንደሚቀጥሩ ነግረውታል። በሁለት ዓመት ያጠራቀማት 7,000 ዶላር ኪሱ ውስጥ ናት።

ሻጩ ከኤል ካሚኖ ሪያል ገባ ብሎ ባለ ሰፈር የሚኖር ሰው ነበር። መኪናው ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ጎማው ሳይቀር ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ቆሟል። «አንድም ቀን ፎር ዊል ገብቶ አያውቅም፤ ገበያና ትምህርት ቤት ብቻ ነው የሄደው» አለን። ልጁ ዘወር ብሎ በአማርኛ «ጋሼ፣ አገኘን!» አለኝ። እኔ ግን የደነገጥሁት እዚያ ላይ ነው።

ለምን ቢሉ፣ የባለ ሁለት ዲፈረንሻል የፊት ክፍል እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ይይዛል። ከካምቢዮው ኋላ የተቀመጠው፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሳጥን ትራንስፈር ኬዝ ይባላል። የውስጡ ዘይት ሁሉንም ጥርስ የሚያዳርሰው ሲሠራ ነው። ማገናኛውን የሚገፋው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተርም ዓመታት ቆሞ ከከረመ ይዝጋል፣ ይደርቃል። ቶዮታ ለፎር ረነርና ለታኮማ ባሳተማቸው የመመሪያ መጻሕፍት «በየወሩ ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ፎር ዊል አስገብታችሁ ንዱ» የሚለው ለዚሁ ነው። እንግዲህ ሻጩ ሙገሳ መስሎት የተናገረው የመኪናውን በሽታ ነበር።

«እስቲ አስገባው» አልሁት። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ አይረጋም። አንድ ደቂቃ ጠበቅን፣ ሁለት ደቂቃ ጠበቅን፤ ያው ነው። ልጁ ሊከፍልበት የመጣው ነገር መኪናው ላይ የለም ማለት ነው። አመስግነን ተመለስን።

አፈታተሹ ከባድ አይደለም። አሮጌዎቹ አብዛኞቹ ፎር ዊላቸው በሹፌሩ ፈቃድ የሚገባ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ አስገብቶ ማጠፍ ማርሹን ያስጨንቀዋልና ጠጠር ወይም አፈር ያለበት ቦታ ይፈልጉ። «ኤች 4» ያስገቡ፤ መብራቱ መርጋት አለበት። ቀስ ብለው ወደፊትም ወደ ኋላም ይንዱ። መሪውን አጥፈው ሲዞሩ መኪናው ያዝ ያዝ ካደረገውና መሪው ከከበደ፣ የፊቱ እግር በእርግጥ እየጎተተ ነው። ምንም ለውጥ ካልተሰማዎት ግን መብራቱ ቢበራም አይመኑት። ቀጥለው መኪናውን ያቁሙና ካምቢዮውን ነጻ አድርገው «ኤል 4» ያስገቡ። ከጭቃና ከዳገት የሚያወጣው ይህ ከባዱ ማርሽ ነው፤ ብዙ ሻጭ ራሱ ሞክሮት አያውቅም። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው እንደ ኤሊ ከተጓዘ ደኅና ነው። ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ከሰሙ ይውረዱ።

ከዚያ ወደ ሁለት እግር መልሰው፣ አስፋልት ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፈው በቀኝም በግራም ክብ ይዙሩ። ከፊት ጎማ በኩል ቀ ቀ ቀ የሚል ድምፅ ከመጣ የእግሩ መጋጠሚያ አልቋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ ግራሶው ፈስሶ ነው። እንደ ሱባሩ ባሉት፣ አራቱም እግር ሁልጊዜ በሚጎትትባቸው መኪኖች ደግሞ ዋናው ምስክር ጎማው ነው። አራቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ ልክና እኩል ያለቁ መሆን አለባቸው። ሁለት አዲስ ከሁለት አሮጌ ጋር አስሮ የነዳ ሰው ማካፈያውን ሲያቃጥል ኖሯል።

አሁን ካርቶን አንጥፈው፣ የእጅ ባትሪ ይዘው ከሥር ይተኙ። ከተማዋ በመግቢያ ቅስቷ ላይ «በመንግሥት ምርመራ አየሯ ምርጥ» የሚል መፈክር የሰቀለች ሬድውድ ሲቲ ናትና «እዚህ ደግሞ ዝገት ከየት ይመጣል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይመጣል እንጂ! ወደቡ ላይ የሕዝብ ጀልባ ማውረጃ አለ፤ ጀልባ የሚጎትት ባለ ሁለት ዲፈረንሻል የኋላ እግሩን ጨው ውኃ ውስጥ ነክሮ ነው የሚያወርደው። በስተኋላ የጀልባ መጎተቻ ኳስ ካዩ ጥያቄዎ ከዚያ ይጀምር። በፓሲፊካና በሃፍ ሙን ቤይ የባሕር ጉም ያደረ፣ በታሆ የመንገድ ጨው የተንቦራቸቀ፣ ከበረዷማው ምሥራቅ ተነድቶ የመጣም አለ።

ዝገት ደግሞ ስም አይመርጥም። ከ1995 እስከ 2000 የተሠሩት ቶዮታ ታኮማዎች (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሻንሲያቸው እየበሰበሰ ስላስቸገረ ኩባንያው በ2008 ዋስትናውን ወደ 15 ዓመት አራዝሞ፣ የባሰባቸውን ከዋጋቸው አንድ ተኩል እጥፍ እየከፈለ መልሶ ገዝቷል። በ2016ም ከ2005 እስከ 2010 ለተሠሩ ታኮማዎች፣ ለ2007 እና ለ2008 ታንድራ፣ ከ2005 እስከ 2008 ለተሠሩ ሴኮያዎች እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ ይችላል በተባለ ስምምነት ክሱ ተቋጭቷል። ስለዚህ «ቶዮታ ነው» ብለው አይለፉት። በትንሽ መዶሻ ሻንሲውን መታ መታ ያድርጉት። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የበሰበሰው ዱብ ይላል። ከሥሩ ያለው ሁሉ ትኩስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ካገኙት ደግሞ ይበልጥ ይጠርጥሩ። ሻንሲው ተለውጦለት ወረቀቱ ያለው ካጋጠመዎት ግን ዕድለኛ ነዎት።

እዚያው ተኝተው ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ይመልከቱ። ከፍ ብሎ የቆመ መኪና ሥር የሚገባ ሌባ ክሪክ አያስፈልገውም፤ በቤይ ኤሪያም ይህ ዕቃ ስንት ጊዜ እንደተሰረቀ የማያውቅ የለም። አዲስ ብየዳ ካዩ የተተካው ዕቃ ካሊፎርኒያ የፈቀደችው መሆኑን ደረሰኝ ያስቀርቡ። ለሌላ ክፍለ ግዛት የተሠራው ርካሽ ዕቃ በዚህ የጭስ ምርመራ አያልፍም።

ሞተሩን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ። ሲደርሱ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩት፤ ከሞቀ አስቀድሞ ለምን እንደተነሣ ይጠይቁ። ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። ውኃው ወተት እንደገባበት ሻይ ከደፈረሰ ዘይት ተቀላቅሎበታል። ከ2005 እስከ 2010 የተሠሩት ኒሳን ፓዝፋይንደር፣ ኤክስቴራና ፍሮንቲየር በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ እየተሰነጠቀ ስላስቸገረ በኩባንያው ላይ ክስ ተመሥርቶ ነበር። በዚህ በሽታ ከራዲያተሩ ይልቅ የሚሞተው ካምቢዮው ነው፤ የካምቢዮ ዋጋ ደግሞ አንዳንዴ የመኪናው ዋጋ ነው።

የዚህ አገር ሊብሬ ታይትል ይባላል። በላዩ የተጻፈው ስም በፊትዎ ከቆመው ሰው መታወቂያ ጋር ካልገጠመ «የአክስቴ ልጅ ነው» ቢልዎትም ይሂዱ። 17 ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር በመስታወቱ ሥር፣ በበሩ ጥግና በሊብሬው ላይ አንድ መሆን አለበት። በዚያው ቁጥር ያልተሠራ የፋብሪካ ጥሪ እንዳለበት ከፌዴራል የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በነጻ ይጠይቁ። በተለይ የታካታ ኤርባግ ጉዳይ ቀልድ አይደለም፤ ፈንድቶ የብረት ስብርባሪ እየረጨ ሰው ገድሏል። ጥገናው ለባለቤቱ ነጻ ነው።

አንዲት እኅታችን 4,500 ዶላር ከፍላ የወሰደችውን መኪና ታሪክ ልንገርዎ። ሻጩ «ስሞጉን አንቺ አስደርጊው፤ ዋጋውን የቀነስሁልሽ ለዚያ ነው» ብሏታል። በካሊፎርኒያ ሕግ ግን ከጥቂቶች በቀር፣ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ የተገኘ የስሞግ ማስረጃ ማቅረብ የሻጩ ግዴታ ነው። እንዲህ የሚል ሻጭ እኔ እንደማየው አስመርምሮ መውደቁን አይቷል። ሊብሬውን ልታዛውር ስትሄድ የሁለት ዓመት ያልተከፈለ ቦሎ ከነቅጣቱ፣ የሽያጩ ታክስም ተጨምሮ ጠበቃት። ውዝፍ ቦሎ የሚከተለው መኪናውን ነው። ስሞጉም ወደቀ። ጠቅላላ ሂሳቡ ሲደመር ከነጋዴ ቤት ንጹሕ መኪና ያስገዛት ነበር። የታርጋውን ቁጥር ይዞ የቀድሞውን የስሞግ ውጤት ከክፍለ ግዛቱ የመኪና ጥገና ቢሮ በነጻ ማየት ይቻላል። ገዢው ሊብሬውን ለማዛወር 10 ቀን አለው፤ የሬድውድ ሲቲው ዲኤምቪ በብሩስተር ጎዳና ነው።

ከነጋዴ የሚገዙ ከሆነ በመስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ። «አዝ ኢዝ» ከሚለው ላይ ምልክት ካለ ከበሩ ከወጡ በኋላ የሚሰበረው ሁሉ የእርስዎ ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ ንግግሩ በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በታጋሎግ፣ በቬትናምኛ ወይም በኮሪያኛ ከተካሄደ ኮንትራቱ በዚያው ቋንቋ ተተርጉሞ እንዲሰጥ ያዛል። አማርኛ ዝርዝሩ ውስጥ የለችበትም፤ ስለዚህ የሚያነብልዎ ልጅ ይዘው ይሂዱ።

«ጥቂት ነድቼ አገር ቤት እወስደዋለሁ» ብለው የሚገዙም አሉ። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጭኗል፤ በ2024 መግቢያ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ይህን ያሰበ ሰው ከመርከብ ድርጅቱ አስቀድሞ ጉምሩክን ይጠይቅ።