ከመታሸቱ በፊት ይታይ፦ ከቁርጭምጭሚት ራጅ ምን ይጠበቃል?

ክረምት ሲገባ የብቸናና የሞጣ ዋልካ መሬት ለእግር አይመችም። ከእርሻ የሚመለስ ገበሬ፣ እንስራ ያዘለች እናት፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጥ ልጅ ድንገት አዳልጦት እግሩ ሲጠመዘዝ ቁርጭምጭሚቱ ወዲያው ያብጣል። ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ወጌሻ በአገሩ የተከበረ፣ የብዙ ሰው ሕመም ያቀለለ ባለሙያ ነው። ሆኖም ያበጠን ቁርጭምጭሚት በእጅ ዳስሶ ወለምታውን ከስብራት ሁልጊዜ መለየት ለእሱም፣ ለሐኪምም አይቻልም። አጥንቱን የሚያሳየው ራጅ ነው።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ይህን ጨረር ያገኘው በጥቅምት ወር 1888 ዓ.ም.፣ የአድዋ ድል ከመሆኑ አራት ወር በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ነው። ከጦርነቱ ጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ጁዜፔ አልቫሮ የተባለ ጣሊያናዊ የጦር ሐኪም ከኢትዮጵያ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ኔፕልስ ላይ በራጅ አንስቶ ክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት ፈለገ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። አሠራሩ ዛሬም ያው ነው፤ ጨረሩ ሥጋን በቀላሉ ያልፋል፣ አጥንት ግን አብዛኛውን ያስቀረዋል። ስለዚህ በምስሉ ላይ አጥንት ነጭ፣ ሥጋ ግራጫ ይሆናል፤ ስብራት ደግሞ ነጩን የሚያቋርጥ ጠቆር ያለ መስመር ሆኖ ይታያል።

እግሩ የተጠመዘዘ ሰው ሁሉ ራጅ አያስፈልገውም። በካናዳ የኦታዋ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት መመሪያ በብዙ አገር ይሠራበታል። በግራና በቀኝ ጎልተው የሚታዩት የቁርጭምጭሚት አጥንቶች ጫፋቸው ወይም የኋላ ጠርዛቸው ሲጫን ካመመ፣ አለዚያም ሰውየው ጉዳቱ እንደደረሰም ሆነ ሲመረመር አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ ይነሣ ይላል። መመሪያው የወጣው ለአዋቂዎች ስለሆነ የሕፃናቱን ነገር ሐኪም ይወስን።

ራጅ ክፍል ሲገቡ ጫማ፣ ካልሲና አልቦ ይወልቃል። የደረቀ ጭቃም ምስሉ ላይ ጥላ ሊጥል ስለሚችል እግሩ ቢጸዳ መልካም ነው። እርጉዝ የሆነች ወይም የምትጠራጠር ሴት አስቀድማ ትንገር። ባለሙያው እግሩን ሰሌዳው ላይ አስተካክሎ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ምስል ያነሣል፤ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከጎን፣ ሦስተኛውን እግሩን ጥቂት ወደ ውስጥ አዙሮ። የሦስተኛው ጥቅም ትልቅ ነው። ሁለቱ የቅልጥም አጥንቶች፣ ወፍራሙና ቀጭኑ፣ ድግር ማረሻን ግራና ቀኝ እንደሚይዝ የተረከዙን የላይ አጥንት አቅፈው ይይዙታል። እግሩ ወደ ውስጥ ሲዞር በመካከላቸው ያለው ክፍተት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ክፍተቱ በአንድ በኩል ከሰፋ፣ አጥንቱ ባይሰበርም ጅማቱ ሳይበጠስ አልቀረም ማለት ነው።

ጨረሩ አይሰማም፣ አያምም። የሚያመው እግሩን ማስተካከሉ ነው፤ እሱም ጥቂት ደቂቃ ነው። የአንድ ቁርጭምጭሚት ራጅ ጨረር ማንም ሰው በአንድ ቀን ከመሬትና ከሰማይ ከሚደርሰው የተፈጥሮ ጨረር ያንሳል።

ራጅ ሁሉን አያሳይም። ጅማት ራሱ በምስሉ አይታይም። በልጆች አጥንት ጫፍ ያለው የእድገት ክፍልም ለስላሳ ስለሆነ ጉዳቱ ሊሰወር ይችላል። «አልተሰበረም» ተብሎ የተመለሰ ሰው ሕመሙ በሳምንት ካልቀለለው እንደገና ይታይ።

ጤና ጣቢያ በአብዛኛው ራጅ ስለሌለው መንገዱ ወደ ብቸና ወይም ወደ ሞጣ ሆስፒታል ነው። ቀዶ ሕክምና የሚሻ ስብራት ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይላካል። ከገጠር የሚመጣ ሰው ከመነሣቱ በፊት ማሽኑ እየሠራ መሆኑን በስልክ ቢያስጠይቅ ከከንቱ ድካም ይድናል። የጤና መድን ያለው መታወቂያውንና ከጤና ጣቢያ የተጻፈለትን ሪፈር ይያዝ።

በጣም የሚያሳስበኝ ሳይታይ የሚታሸውና በስንጥር ጠብቆ የሚታሰረው እግር ነው። እብጠቱ ሲጨምር እስሩ ደም ይከለክላል፤ ደም ያጣ እግርም ይሞታል። በአገራችን በዚህ ሰበብ እግራቸው የተቆረጠ፣ ከእነሱም መካከል ሕፃናት፣ አሉ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ እስሩ ወዲያው ይላላ፤ በሽተኛውም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይድረስ። አጥንት ከቁስል ብቅ ካለም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ መሮጥ ነው።

ወጌሾቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ያበጠና መርገጥ ያቃተው እግር ሲመጣላችሁ ከማሸታችሁ በፊት «መጀመሪያ ራጅ ተነሡ» በሉ። ቤተሰብ የእናንተን ቃል ከማንም በላይ ይሰማል።