ሰማይ ላይ አራዳነት አይሠራም!

ዱባይ የሚሠራ አንድ የሰፈሬ ልጅ ሰሞኑን ደውሎ «ብቻዬን በፓራሹት ለመዝለል ኮርስ ጀመርኩ» አለኝ። «ነፋሱስ?» ብለው፣ «ምን ችግር አለው፣ መሬት ስቃረብ ዞር ማለት ነው!» አይለኝ መሰላችሁ! ክው አልኩ። በዚህ ስፖርት ብዙ ሰው ከሚቀጥፉት ነገሮች አንዱ ይኸው መሬት አጠገብ «ዞር ማለት» ነዋ! ያውም ጨርቁ በደንብ ተዘርግቶ፣ ገመዱ ሳይጠላለፍ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የዛሬው የስፖርት ፓራሹት አራት ማዕዘን ነው፤ እንደ ክንፍ አየሩን እየቀዘፈ ወደፊት ይሄዳል። በቀኝና በግራ መሪ እጀታ አለው። የቀኙን ስትስቡ ወደ ቀኝ፣ የግራውን ስትስቡ ወደ ግራ ይዞራል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ፓራሹቱ በራሱ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል፤ ነፋሱ ደግሞ 20። ፊታችሁን ወደ ነፋሱ ካዞራችሁ መሬት የምትደርሱት በ15 ነው። ጀርባችሁን ከሰጣችሁት ግን በ55! አንደኛው ሶምሶማ ነው፤ ሁለተኛው ከሚከንፍ ሚኒባስ ላይ እንደ መዝለል ነው። ነፋሱ 40 ከሆነማ ፊት ለፊት ብትገጥሙትም ወደ ኋላ ይወስዳችኋል። ለዚህ ነው የአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር ደንብ፣ ነፋሱ በሰዓት ከ14 ማይል፣ ማለትም ከ22 ኪሎ ሜትር ገደማ ካለፈ፣ ብቻውን የሚዘል ተማሪ መሬት ይቆይ የሚለው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጨርቁ እንደተከፈተ ማረፊያችሁን ፈልጉ፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ሆናችሁ ጠብቁ። ነፋስ አሳልፎ ከወሰዳችሁ መመለሱ ጭንቅ ነው። ከሕንፃና ከዛፍ ጀርባ ራቁ፤ እዚያ አየሩ ስለሚተራመስ ጨርቁን ሊያጣጥፈው ይችላል። መዞር ካለባችሁ ገና ከፍታ ላይ ሳላችሁ ጨርሱት። ከመሬት 3 ወይም 4 ሜትር ሲቀር ሁለቱንም እጀታዎች እኩል ወደ ታች ሳቡ።

ዘግይታችሁ፣ ዝቅ ብላችሁ፣ ነፋሱ ከኋላ እየገፋችሁ ከሆነስ? አትዙሩ! አንዱን እጀታ በኃይል ስትስቡ ጨርቁ ያጋድልና ቁልቁል ይምዘገዘጋል፤ ሳይስተካከል መሬት ይቀድመዋል። ይልቅ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፣ ሁለቱን እጀታ እኩል ሳቡ፣ እግርና ጉልበታችሁን ግጠሙና ተንከባለሉ። መላላጥ ይኖራል፤ ቁስል ግን ይድናል። ካረፋችሁ በኋላ ነፋሱ መሬት ለመሬት እንዳይጎትታችሁ አንዱን እጀታ ብቻ ሳቡ፤ ጨርቁ ይተነፍሳል።

ነፋሱ ካየለ ደግሞ ጓደኛ «ፈሪ!» ቢላችሁም አትዝለሉ። ስድብ አጥንት አይሰብርም።