አቧራው ሲጠረግ አራት ነጥቡም አብሮ ሄደ

ከአገር ስወጣ በሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ይልቅ ጋዜጣ ነበር የበዛው። በ1998 ዓ.ም. ብዙ የግል ጋዜጦች ሲዘጉ እጄ ላይ የቀሩት እትሞች ዛሬም እዚሁ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ከ14ኛው መንገድ አጠገብ በተከራየኋት ምድር ቤት ተደርድረዋል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ጠርዙ እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል።

ሳይጠፉ በስካነር ላነሳቸው ቆርጬ ተነሣሁ። ስካነር ግን ጽሑፉን ብቻ አያነሣም፤ እጥፋቱንም፣ ብጫውንም፣ የቡናውንም ጠብታ ያነሣል። አንዱን ገጽ በእጅ ማጽዳት አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ሦስት መቶ ገጽስ?

ጂምፕ የሚባለውን የሥዕል ማረሚያ ፕሮግራም የያዝኩት በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ የተባሉ የበርክሌይ ተማሪዎች የጀመሩት ሲሆን፣ በነፃ ስለሚታደል ለስደተኛ ኪስ ይስማማል። የጎደለውንም ማንም ሰው በፓይተን ቋንቋ ጽፎ ሊጨምርበት ይችላል። ተጨማሪውን ፕለጊን ይሉታል። በመጀመሪያ ስሙንና በየትኛው ሜኑ ሥር እንደሚቀመጥ ያስመዘግባል፤ ቀጥሎ ሥራውን በተራ ያዛል፦ ቀለሙን ወደ ግራጫ መልስ፣ ጥቁሩን አጥቁር፣ ነጩን አንጣ፣ ነጠብጣቡን ጥረግ፣ አስቀምጥ። ከዋናው ፕሮግራም ተለይቶ ስለሚሠራ ቢሳሳት ብቻውን ይወድቃል እንጂ ጂምፕን ይዞ አይወድቅም። (የኛ ድርጅቶች ይህን ቢማሩ!)

የመጀመሪያውን ሌሊት በከንቱ አነጋሁት። ለካስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በወጣው 3.0 እትም ፋይሉ በራሱ ስም በተሰየመ ፎልደር ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ በሊኑክስ ላይ ደግሞ እንዲሠራ ፈቃድ ይሰጠዋል። ይህ ካልሆነ ሜኑው ላይ ብቅ አይልም፤ አቤቱታም አያሰማም። በአሮጌው ፓይተን 2 የተጻፉትም እዚያ አይሠሩም።

በሁለተኛው ሌሊት ገጾቹ እንደ በረዶ ነጡ። ደስታዬ ግን የቆየው የጎረቤቴ ልጅ እስክታነብ ድረስ ነበር። እዚሁ የተወለደች ናት፤ አማርኛውን ግን አሳምራ ታነባለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ገጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው እንዴ?»

አራት ነጥቡ ሁሉ ተጠርጓል! ጠራጊው እያንዳንዷን ነጥብ ከጎረቤቶቿ ጋር በብሩህነት አሰልፎ መካከለኛውን ይወስዳል፤ ስለዚህ ትንሽ ነገር ሁሉ ለእርሱ አቧራ ነው። የባሰው ግን ሌላ ነበር። ቀለሙ በሳሳበት ቦታ የ«ሉ» ቅጥያ ተበልቶ «ለ» ብቻ ቀርቷል። «ተገደሉ» ብለን ያተምነው ዜና «ተገደለ» ሆኖ ተነበበ። ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ፤ ስንት ሰው በአንዲት ጭረት ጠፋ!

ጠራጊውን ከጽሑፉ ላይ አነሣሁት፤ ለፎቶግራፎቹ ብቻ ተውኩት። ስካኑን ከ300 ወደ 600 ነጥብ በኢንች አሳደግኩ፤ ጭረቷ እጥፍ ወፈረች። ፕለጊኑም ዋናውን ሳይነካ ቅጂውን በሌላ ስም ያስቀምጣል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅቱ ከወረቀቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች፤ እኔ ከስክሪኑ እከተላለሁ። እስከ ባለፈው ሳምንት 41 ገጽ ደርሰናል።